ትልቅ ድምፅ ይዞ ናይሮቢ ደርሶ መልስ

ከአቃቂ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ሰሜን ይሄዳል። የሞያሌ አውቶቡስ የሚነሳው ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ግን ቃሊቲን አቋርጦ በእኛ ሰፈር ደጃፍ ያልፋል። ስለዚህ ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ሽቅብ ወጣን፣ ሻንጣችንን ጣሪያ ላይ አስጫንን፣ ዶሮ ከያዙ አንዲት እናት ጋር ስለ ወንበር ተከራከርን። ከዚያ የተነሳንበትን ቤት ቆርቆሮ በመስኮት እያየን መንገዳችንን እንደገና ጀመርን። ሹፌሩን «አቃቂ ቆመን ብንጠብቅህስ?» ስለው፣ «ወንበር ለተሰለፈ ነው» አለኝ።

ሦስት ነበርን። ዘፋኟ አስካለ ሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ሳምሶን የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ዘፈናችንን ያቀናበረውና ናይሮቢ ለሚካሄደው የጎረቤት አገሮች የዘፈን ውድድር ልኮ ያስመረጠው እሱ ነው። ግጥሙ የእኔ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። የጭነት መኪና ጀርባ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው ያደግኩት፤ ለዚህ ለዚህማ ከቃሊቲ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ዘፈናችን ግን ከሦስታችንም በፊት የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ የአስካለ አባትና የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲያርፍ ማለዳ መንታ መንገዱ ላይ ይቆማሉ፣ ይነፋሉ፣ ከዚያ ይለፍፋሉ። አለፋፈፋቸው ሥርዓት አለው። ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራሉ፣ ሰዓቱን ይናገራሉ፣ ድምፃቸውም በየቃሉ እየወጣ ይሄዳል። የሟቹ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሁሉም ከፍ ብሎና ተጎትቶ። ስሙ ከቀደመ ልቅሶው ይነሳና ሰዓቱን የሚሰማ አይኖርም። ስሙ ከወረደ ደግሞ የሩቅ ቤት ሳይሰማ ይቀራል። ጉሮሯቸውን ካመማቸው ወዲህ አንድ ማለዳ ስሙ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ። የወንዙ ማዶ ሰው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንዱ የአንዱን በር እያንኳኳ «አላችሁ? ደህና ናችሁ?» ሲል አረፈደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ይነፋሉ፣ አስካለ ትለፍፋለች። ሴት ልጅ እንዴት ትለፍፋለች ብሎ ያጉረመረመ ነበር፤ ስሙን ከአልጋው ላይ ሆኖ አጥርቶ ሲሰማ ግን ዝም አለ።

እኔ ነገሩን ገለበጥኩት። በዘፈኑ ውስጥ የጡሩምባ ነፊው ልጅ ማለዳ ወጥታ ጎረቤቱን ትጠራለች፤ የዚያን ቀን ግን የሞተ የለም፣ የመጣ አለ። ማን እንደመጣ እስከ መጨረሻው አትናገርም። መጨረሻ ላይ ስሙ ይወጣል፦ ደጀኔ። ስሙን የመረጡልን ጋሽ ደምሴ ናቸው። እኔ «አብርሃም» ብዬ ነበር። «አፍ የሚዘጋ ስም አይጎተትም፣ ልጄ» አሉኝ። «አፍ ተከፍቶ የሚያልቅ አምጣ።»

እንግዲህ አውቶቡሱ አቃቂ ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን ለብሰው መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ልጃቸውን በመስኮት ሲያዩ ጡሩምባውን አነሱና ነፉ። ለሽኝት መሆኑ ነው። ነገር ግን አቃቂ ውስጥ ጡሩምባ ሰምቶ «ሽኝት ይሆናል» የሚል ሰው አልተወለደም። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ ወጡ። ከፊታችን ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ መኪና መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሁሉንም ቁጭ ብለን አየን። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ይልማ መፋቂያቸው አፋቸው ውስጥ እንዳለ እየሮጡ መጡ።

«ደምሴ! ማን ሞተብን?»

«ማንም! ልጄ ናይሮቢ ልትሄድ ነው!»

«ታዲያ ለናይሮቢ ነው የምትነፋው? ባልቴቶቹን በድንጋጤ ልትጨርስልኝ ነው?»

ጋሽ ደምሴ ወደ መስኮቱ ተጠግተው፣ በዚያ በተሰነጠቀ ድምፃቸው፣ «አስካሉ፣ ስሙ እንዳይወርድ!» አሉ። አስካለ ራሷን ነቀነቀች። ሕዝቡም ለልቅሶ ወጥቶ ባዶ እጁን ከሚመለስ ብሎ ይመስለኛል፣ እጁን እያውለበለበ ሸኘን። ዶሮ የያዙት እናት አማተቡ። «የማን ቀብር ነው?» ሲሉኝ፣ «የእኛ ነው፣ እማማ፤ ገና እየሄድን ነው» አልኳቸው።

ሞጆን እንዳለፍን ሳምሶን ማዳመጫውን ለአስካለ ሰጣት። «አዲሱን ስሚው፣ አስኩ። ዝቅ አድርጌዋለሁ።»

ሰማች፤ ፊቷ ግን አልተለወጠም። «ስሙ የት ሄደ?» አለች።

«አለ እኮ። ብቻ አትወጪበትም። ለስለስ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ጠቡ እዚያ ተጀመረ። ሳምሶን አስካለ የምትዘፍንበትን ሙዚቃ ሲዲ ላይ በሁለት ዓይነት ይዞ ነበር፤ አንደኛው በድሮው ከፍታ፣ ሁለተኛው ዝቅ ብሎ የተቀዳ። መድረክ ላይ የሚከፈተውን የሚመርጠው እሱ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከዚህ በፊት ጎረቤት አገር ለተመሳሳይ ውድድር አንዲት ባለ ትልቅ ድምፅ ልጅ ይዞ ሄዶ፣ ገና ድምፅዋን ስታወጣ አዳራሹ ሳቀባት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አልዘፈነችም። «ያንን ሳቅ አስካለ ላይ አልሰማም» አለኝ። «አሁን ዓለም የሚዘፍነው ትራስ ላይ ተጋድሞ ነው።»

«ትራስ ላይ የተጋደመ ሰው ጎረቤት አይጠራም!» አልኩት።

እኔ በዚህ ነገር የቆየ በሽተኛ ነኝ። የሰፈራችን ባለሱቅ ከድር ሱቁ ውስጥ ዲሽ አለው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የፈረንጆቹን የዘፈን ውድድር እናያለን። ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ነፋስ ፀጉሯን እየበተነው፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ድረስ ድምፅዋን ስታወጣ ሱቁ በሙሉ ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም። ቋንቋዋን አላውቅም፤ ከእሷና ከእኔ መካከል ባሕር አለ፣ በረሃ አለ፣ የከድር የሳሙና ካርቶን አለ። ያንን ሁሉ አቋርጦ የሚደርሰኝ የድምፅዋ መውጣት ብቻ ነው። በሹክሹክታ የሚዘፍነው ግጥሙን ለሚሰሙለት ይዘፍናል። የሚጮኸው ለእኔ ነው። ይህንን ለሳምሶን እስከ ሻሸመኔ ድረስ ነገርኩት፤ ሻሸመኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ምሳ ሐዋሳ፣ የተጠበሰ ዓሣ። የአቃቂ ወንዝ ፋብሪካዎቹን አልፎ ሲመጣ ቀለሙን እያየሁ ስላደግኩ፣ ውኃ ውስጥ የሚበላ ነገር አለ ሲባል ማመን ይከብደኛል፤ ግን አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በላሁት። አዳራችን ሀገረ ማርያም ሆነ። አልጋ ተሟጦ ስለነበር የሆቴሉ ባለቤት የራሳቸውን ክፍል ለአስካለ ለቀቁላት። እኔና ሳምሶን እንደተጣላን አንድ ፍራሽ ተካፈልን፤ ብርድ ልብሱን እሱ ወሰደው።

ረቡዕ ሞያሌ ገባን። ከድር «እህቴ እያለች ሆቴል ብታድሩ ከእኔ ሱቅ ስኳር አትገዙም» ብሎን ስለነበር ወይዘሮ ሩቂያን ፈልገን አገኘናቸው። ሱቃቸው ቁርጥ የከድርን ሱቅ ነው፤ ክብሪቱ በግራ፣ ዘይቱ ከታች፣ ሚዛኑ ላይ ያንኑ ድመት የሚመስል ድመት። ከስልጤ የመጡ ወንድምና እህት አንዱ በአገሪቱ ጫፍ፣ አንዱ በመዲናዋ ዳር ሆነው አንድ ዓይነት ሱቅ ይደረድራሉ። ቀኑ ረቡዕ በመሆኑ በሙስሊምና በክርስቲያን መካከል የሥጋ ጥያቄ አልተነሳም፤ ሽሮው ሁላችንንም አስታረቀ።

ወይዘሮ ሩቂያ አስካለን አይተው፣ «ዘፋኟ አንቺ ነሽ? የነገው መንገድ አቧራ ነው፤ ድምፅሽን አሁኑኑ ሸፍኚው» አሉና አዲስ ሻሽ ከመደርደሪያ አውርደው በውኃ ነክረው አሳዩዋት። «አፍሽ ላይ። ከደረቀ ንከሪው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ይታፈኑ፤ እነሱ ሲያወሩ ነው የሚውሉት።» እንደዚያም ውለን ነበር።

ሐሙስ ድንበሩን ተሻግረን የኬንያ አውቶቡስ ያዝን። የእኛ አውቶቡስ ላይ ሹፌሩ የሚወደው ዘፈን ብቻ ይሰማል፤ የእነሱ ላይም እንደዚያው ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ሹፌር አብሮ መዝፈኑ ነው። መንገዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ በክረምት የሄደ ሰው መጥፎ መንገድ አውቃለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። ጥቁር ድንጋይ እንደ ዘር የተበተነበት፣ መጨረሻው የማይታይ ሜዳ ውስጥ ገባን፤ ጎማችን እዚያ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ተንፍሶ ተገኘ። ሌላ መኪና እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ተበተነ። እኛ በቋንቋ አልተቸገርንም፤ ቦረናዎቹ ኦሮምኛ ይናገራሉ፣ አቃቂ ያደገ ልጅም ኦሮምኛ አያጣም። አንዲት አሮጊት ከአጠገባችን ተቀምጠው በተሸለመ ቅል ወተት ሰጡን። ወተቱ ጢስ ጢስ ይላል፤ ሳምሶን ፊቱን አኮማተረ፣ አስካለ ደግማ ጠጣች። አሮጊቷ ምን ሠሪ ናችሁ አሉ። ዘፈን አልናቸው። «እስቲ» አሉ፤ በየትኛውም ቋንቋ ሰው እንዲህ ሲል እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል።

አስካለ ሻሹን ከአፏ አወረደች። ሙዚቃ የለም፣ ማይክ የለም። ዝቅ ብላ ጀመረች። ድምፅዋ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና «ደጀኔ» ላይ ሲደርስ ያ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳርቻ ያለው መሰለኝ። የተበተኑት ተሳፋሪዎች ተነሱ። ጥላ ውስጥ የተኛው ሹፌርም ተነሳ። አሮጊቷ ግን ዘፋኟን አልነበረም የሚያዩት። መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ መንገዱ መጨረሻ ይመለከቱ ነበር።

«ኤኙ ዱፌ?» አሉ። ማን መጣ ማለታቸው ነው።

አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም። ሳምሶንን በክርኔ ጎሰምኩት። «ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ። እሳቸው ዳኛ አይደሉም» አለ፤ ግን እሱም ወደ መንገዱ ሲያይ ያዝኩት። እውነትም ከብዙ ቆይታ በኋላ በዚያው በኩል አንድ የጭነት መኪና መጣና ጎማ አበደረን። አሮጊቷ ለአስካለ «ጠራሽው» አሏት።

ዓርብ ማርሳቢትን፣ ኢሲዮሎን አልፈን ናይሮቢ ገባን። ሰው «ናይሮቢ ምን ትመስላለች?» ይለኛል። ቃሊቲን ከፍ አድርጋችሁ ዛፍ ትከሉባት፣ መኪናው ሁሉ በተሳሳተው በኩል ይሂድ፤ ያቺ ናት። መንገድ ስሻገር ወደለመድኩት አቅጣጫ እያየሁ ሁለት ጊዜ ልሞት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አስካለ «አንተ!» ብላ አዳነችኝ። አንዴማ ስትጮህ እኔ ብቻ ሳልሆን ሚኒባሱም ቆመ። ያረፍነው ከአገራችን ሰዎች ሰፈር ነው፤ አከራያችን ወይዘሮ ፅጌ የሚባሉ ዲላ ያደጉ ሴት ናቸው። እንጀራቸው ትንሽ ቢመርም፣ ዓርብ መሆኑን አስታውሰው ሳንጠይቅ የጾም አቅርበው ጠበቁን። ጠዋት የሚጠጣው ሻይ ግን ከወተት ጋር አብሮ ይፈላል፤ በእኛ አገር እንዲህ የሚደረገው ለታመመ ሰው ነው።

ቅዳሜ ልምምድ ነበር። ከየአገሩ የመጡት ተራ በተራ ወጡ፤ ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው፣ ግን ሁሉም ማይኩን ሊውጡት ደርሰው ያንሾካሹካሉ። የድምፅ ባለሙያው ወንበሩን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። የአስካለ ተራ ሲደርስ ሳምሶን ዝቅተኛውን አስከፈተ። አስካለ እንደታዘዘችው ዘፈነች። ቆንጆ ነበር፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ቆንጆ ነበር። ስሙ መጣ፣ አለፈም። የድምፅ ባለሙያው አውራ ጣቱን አነሳ፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። በሩ ላይ ያለው ረጅም ጥበቃ ጋዜጣውን አገላበጠ።

ወደ ማረፊያችን ተመለስን። ወይዘሮ ፅጌ አስካለን «እንዴት ነበር?» ሲሏት፣ «ወንዙ ማዶ አልተሰማም» አለች። ወይዘሮ ፅጌ አልገባቸውም፤ እኛ ግን ገባን።

«ሳሚ» አለች ወደ ሳምሶን ዞራ። «ያቺ ልጅ፣ የተሳቀባት፣ ስትወጣ ማንን ነበር የምትጠራው?»

«ማንንም። ድምፅዋን ነበር የምታሳየው።»

«እኔ ድምፄን አሳይቼ አላውቅም። ስም ነው የማደርሰው። ከሳቁ ይሳቁ፤ ልቅሶ ቤትም የሚስቅ አይጠፋም።»

ሳምሶን አንገቱን ደፍቶ የማዳመጫውን ገመድ ጠቀለለ። «ነገ አያለሁ» ብቻ አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሳምሶን ሲዲውን ይዞ ከድምፅ ባለሙያው ዘንድ ሄደ፤ የትኛውን እንደመረጠ አልነገረንም። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለብኝ፦ ከፍ ያለውንና ዝቅ ያለውን ሙዚቃ ከአጀማመሩ መለየት አልችልም። ግጥም እሰማለሁ እንጂ ለዜማ ጆሮዬ ድንጋይ ነው። ስለዚህ አስካለ ቀይ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ፣ ሙዚቃው ሲጀምር፣ ስንኞቼ አንድ በአንድ ሲያልፉ፣ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። ሳምሶንን አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። አስካለን አየኋት፤ ፊቷ እንደ ማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ፊት ነው፣ ምንም አይነግርም። እጄን ነክሼ ስሙን ጠበቅኩ።

ወጣች። ጣሪያው ድረስ ወጣች፣ እዚያም ቆመች። «ደጀኔ»ን ይዛ እንደ ጡሩምባ ጎተተችው፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ከፊቴ ያለው ሰውዬ ማስቲካ ማኘኩን አቆመ። አንድ ሁለት ሰው ከኋላ በኩል ሳቀ፤ አልዋሽም። ከዚያ ግን ሰዎች አንገታቸውን ማዞር ጀመሩ። ወደ በሩ ነበር የሚያዩት። ያ ረጅም ጥበቃ ጋዜጣውን አስቀመጠ፣ በሩን ከፈተ፣ አንገቱን አውጥቶ ግራና ቀኝ አየ፣ ማንም እንደሌለ ሲያውቅ አፍሮ ዘጋው። ሳምሶን ወደ እኔ ዞረ። እያለቀሰ እየሳቀ ነበር።

አላሸነፍንም። አንዲት ትራስ ላይ የተጋደመች አሸነፈች፤ መልካም ልጅ ናት፣ አስካለን አቅፋ ሳመቻት። አንደኛው ዳኛ ስለ እኛ የተናገረውን ሳምሶን ሲተረጉምልኝ፣ «ለአዳራሹ በዝቷል» ነው ያለው። ልክ ነው። ዘፈኑ ለአዳራሽ አልተሠራም፤ ለሰፈር ነው የተሠራው። አንዳንዱ ሰው ትልቅ ድምፅ ሲሰማ ማስመሰል ይመስለዋል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው የፈለገ ምን ያድርግ? የአንገቱ ሥር ባይገተር ነበር ማስመሰል።

የመልሱን መንገድ አላረዝምም። ጎማ አልፈነዳም፤ ስለዚህ የሚወራ ነገር የለውም። ወይዘሮ ሩቂያ ሻሹን መልሺልኝ አላሉም፤ እንዲያውም ሌላ ጨመሩላት። ከሞያሌ ለከድር ስንደውል ግን ወሬ ሰማን፦ የእድሩ ኮሚቴ በማክሰኞው ሽኝት ምክንያት ጡሩምባውን ከጋሽ ደምሴ ነጥቆ ጋሽ ይልማ ቤት ቆልፎበታል። ጡሩምባ ለሞት ብቻ ነው ተብሏል። 

በመልሱ ጊዜ ሹፌሩን ለምነን አቃቂ ላይ ወረድን። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጋሽ ደምሴ ያንኑ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባዶ እጃቸውን፣ መንገድ ዳር ቆመዋል። ሌላ ማንም የለም፤ ማን ነግሮት ይወጣል? አስካለ አባቷን ሳመች፣ ሻንጣዋን ከእግራቸው ሥር አኖረችና ወደ መንታ መንገዱ ሄደች። አባቷ ሁልጊዜ የሚቆሙበት ድንጋይ ላይ ወጣች።

ዝቅ ብላ ጀመረች። የእድራችን አባላት፣ ዛሬ የሞተ የለም። ድምፅዋ ወጣ። ውጡ፣ የመጣ አለ። አሁንም ወጣ። ከሩቅ መንገድ፣ ከአቧራ፣ በደህና የመጣ አለ። ከኋላችን የአንድ ተሳቢ መኪና ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። በሮች ተከፈቱ፤ ከወንዙ ማዶም ሳይቀር። ሴቶቹ ከልማድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፣ ሰሙና እየሳቁ አቀኑት። አስካለ መጨረሻው ላይ ደረሰች። ከሁሉም ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ደረሰች፤ እዚያ ዝም አለች። ስሙን አልተናገረችውም። አባቷን አየች።

ጋሽ ይልማ ጋቢያቸውን እየሳቡ፣ በአንድ እጃቸው ጡሩምባውን ይዘው ደረሱ። ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቅ የፈለገውን እሳቸው አወጡት፦

«ማን መጣ?»

ጋሽ ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ከአጥር የማያልፍ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበርና ማዶ ድረስ ተሰማ።

«አስካለ» አሉ።

እልልታው ሲነሳ ሳምሶን ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ፣ «አየህ፣ አንተ ገጣሚ? ትንሽ ድምፅም ይሰማል» አለኝ።

«ትልቁ ሁሉንም ደጅ ካወጣቸው በኋላ!» አልኩት፤ ግን በእልልታው ውስጥ የሰማኝ አይመስለኝም። ጋሽ ይልማም ጡሩምባውን ለጋሽ ደምሴ አቀበሏቸው።